በቅርጫ የተማርኩት የከብት ሕክምና

ለቃለ መጠይቅ የተዘጋጀ ሰው ይቀናዋል ይባላል። አይቀናውም። እንዲህ የሚሉት ተጠይቀው የማያውቁ ወይም ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲጠይቁ የኖሩ ሰዎች ናቸው። እኔ በሕይወቴ አንድ ጊዜ፣ ያውም በሰፈር ርብርብ፣ ለቃለ መጠይቅ ተዘጋጅቻለሁ። በአቃቂ በሰቃ እንደ እኔ የተዘጋጀ ሰው ከዚያ በፊት አልነበረም፤ ከዚያ ወዲህም የተነሳ አይመስለኝም። ዝግጅቱ ምን እንዳደረገኝ ልንገራችሁና እናንተው ፍረዱ።

ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፣ ማትሪክ ተፈትኜ፣ ውጤቴ "ደህና ነው" የሚባል ዓይነት ሆኖ ቤት ተቀምጫለሁ። ደህና ማለት ዩኒቨርሲቲ የማያስገባ፣ ግን እናትን በሰው ፊት የማያስለቅስ ማለት ነው። በዚያን ጊዜ ቤት መቀመጥ እንደ ዛሬው ሥራ ፈትነት ብቻ አልነበረም። ቀበሌው ለብሔራዊ ውትድርና ጎረምሳ እየመረጠ ነበር። ትምህርት ቤት የገባ ይቀራል፤ ያልገባ ይሄዳል። የሄደው ወዴት እንደሚሄድ ሁላችንም እናውቅ ነበር። መቼ እንደሚመለስ ግን የሚያውቅ አልነበረም፤ የሚጠይቅም አልነበረም።

አንድ በር ብቻ ቀርቶልኛል። የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት ውጤታቸው "ደህና" ከሆነ ልጆች መካከል ጥቂቶቹን በቃል ፈትኖ እንደሚቀበል ተሰማ። አመለከትኩ። የሰው ሐኪም መሆን የሚፈልግ ብዙ ነው፣ የከብት ሐኪም መሆን የሚፈልግ ግን ጥቂት ይሆናል የሚል ስሌት ነበረኝ። በኋላ እንዳየሁት ይህን ስሌት ያሰላው እኔ ብቻ አልነበርኩም።

የእንስሳት ሐኪሞች ለምን ይህን ሙያ መረጣችሁ ሲባሉ "ከልጅነቴ ጀምሮ እንስሳት እወድ ነበር" ይላሉ። እሺ። የጥርስ ሐኪሞችስ ከልጅነታቸው ጀምሮ ምን ይወዱ ነበር? እኔ ስለ እንስሳት የነበረኝ እውቀት ይህ ነው፦ ድመት ነበረችን፤ ትጠላኝ ነበር። ከዶሮ ጋር የነበረኝ ግንኙነት በዓመት በዓል የተወሰነ ነው፤ ያውም ዶሮዋ ሐሳቧን መግለጽ ከማትችልበት ሰዓት በኋላ። ፈረስ ደግሞ ከጋሪ ተለይቶ ብቻውን ሲሄድ ስላላየሁ፣ ልጅ ሳለሁ ጋሪው ከፈረሱ ጋር አብሮ የሚወለድ ይመስለኝ ነበር።

እናቴ በክር ፋብሪካ በፈረቃ ትሠራ ነበር። የቃል ፈተና እንዳለብኝ አጠገቧ ለምትሠራ ለአንዲት ጓደኛዋ ብቻ በምስጢር ነገረቻት። ችግሩ ክር ፋብሪካ ውስጥ ምስጢር የሚነገረው በጩኸት መሆኑ ነው፤ ማሽኑ አያሰማም። እናቴ ጆሮ ላይ ተጠግታ "ለማንም እንዳትነግሪ!" ብላ ስትጮህ፣ ክፍሉ በሙሉ ለማንም ላለመናገር ተስማማ። ፈረቃው ሲወጣ ወሬው ከእናቴ ቀድሞ ቤት ደረሰ።

ከዚያ በኋላ ቤታችን የሰው እግር አልጠፋበትም። ሁሉም ፈታኞቹ የሚጠይቁትን ያውቃል፤ ወይም የሚያውቅ ሰው ያውቃል። የአንዷ የእህት ባል እዚያ ግቢ ዘበኛ ነበር፤ የሌላዋ ወንድም በበሩ በኩል በመኪና አልፏል። ምክር የሚሰጥ ሰው አንድ ባሕርይ አለው፤ እሱ ራሱ ያልገባበትን ቦታ በር በደንብ ያሳያል።

መጀመሪያ የመጣው ጓድ ታምራት ነው። ጓድ ታምራት የቀበሌያችን የውይይት ክበብ ኃላፊ ነበር። ገና ሠላሳ ዓመት ያልሞላው ቀጭን ሰው ሆኖ ሲቀመጥ እንደ ትልቅ ስብሰባ ይቀመጣል። እናቴ ሻይ አቀረበችለት።

"ፈታኞቹ ስለ ላም የሚጠይቁህ ይመስልሃል?" አለኝ።

"የእንስሳት ሕክምና ስለሆነ..."

"እዚህ ላይ ነው ስህተትህ። ላሟ ሰበብ ናት። የሚጠይቁህ ስለ አመለካከትህ ነው። እስቲ እኔ ፈታኝ ልሁን። ላሟ ለምን ከሳች?"

"ስላልበላች።"

"ለምን አልበላችም?"

"ሣር ስለሌለ።"

"ሣሩ ለምን የለም?"

"ዝናቡ..."

ጓድ ታምራት ግንባሩን በመዳፉ መታ። "ዝናብ! በዝናብ አታላክክ! መልስህን ሁሉ 'ከአብዮቱ በፊት' ብለህ ጀምር። ከአብዮቱ በፊት ሣሩ የባላባት ነበር። ላሟ የከሳችው ለዚያ ነው። አለቀ።"

"አሁንስ ለምን ከሳች ቢሉኝ?"

ወደ በሩ ዞር ብሎ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። "አሁን አልከሳችም።"

እንዲህ እያልን ተለማመድን። ላሟ ለምን ታስላለች? ከአብዮቱ በፊት። በጉ ለምን ያነክሳል? ከአብዮቱ በፊት። በመጨረሻ ማንኛውንም ጥያቄ ስሰማ አፌ ከእኔ ሳይማከር ራሱ የሚጀምር ሆነ።

ጓድ ታምራት ሌላም ሥራ ነበረው። ለውትድርና የሚሄዱትን ልጆች ከሚመርጡት አንዱ እሱ ነው። በቀኝ እጁ ያስጠናኛል፣ በግራ እጁ ይመዘግበኛል። እናቴ ሻይ እየቀዳችለት ይህን አነሳችበት።

"ጓድ ታምራት፣ ልጁን እንዲህ እያስጠናኸው፣ ከዚያኛው ነገር ብትተውልኝ ምናለ?"

"እትዬ አስካለ፣ ሁለቱን አናገናኝ። ካለፈ ለእናት አገሩ ከብት ያክማል። ከወደቀ ለእናት አገሩ ይዘምታል። ያም ሆነ ይህ እናት አገር አትጎዳም።"

"እኔስ?" አለች እናቴ።

ጓድ ታምራት ሻዩን ሳይጨርስ ተነሳ። ሻይ ትቶ ሲሄድ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

እናቴ ከዚያ በኋላ በአመለካከት ላይ እምነቷን ቀነሰች። "ላም ሳትነካ የላም ሐኪም ልትሆን ነው?" አለችና እጄን ይዛ ወደ አዴ ጫልቱ ቤት ወሰደችኝ። አዴ ጫልቱ ከተማው ሳይመጣ በፊት በዚያው ሲያርሱ ከነበሩ ቤተሰቦች የተረፉ ሴት ናቸው። ከተማው መጣና ዙሪያቸውን ከበባቸው፤ እሳቸው ግን ላሞቻቸውን ይዘው በመካከሉ ቀሩ። ወተታቸውን ሰፈሩ ሁሉ ይጠጣል፣ ላሞቻቸውን ግን አይቶ የሚያውቅ የለም። ሲያልቡ ማንም ድርሽ እንዲል አይፈልጉም። ዓይን ይፈራሉ።

እናቴ የመጣንበትን ነገረቻቸው።

"ላም ነክቶ አያውቅም?" አሉ አዴ ጫልቱ እኔን ከላይ እስከ ታች እያዩ። "ያ ጉርባ፣ አንተ ልጅ፣ ወተቱንስ ጠጥተህ ታውቃለህ?"

"አዎ።"

"ይህን ያህል ዓመት ጠጥተህ ከየት እንደሚመጣ አልጠየቅህም?"

"እባክዎ አዴ፣" አለች እናቴ፣ "ካላለፈ እኮ ይሄድብኛል።"

አዴ ጫልቱ ይህን ሲሰሙ ብድግ አሉ። ታላቅ ልጃቸው ሄዶ ነበር። ነጠላቸውን አስተካከሉና በረቱን ከፈቱልኝ፤ በአንድ ሁኔታ ብቻ።

"ንካት፤ አትያት።"

"ሳላያት በሽታዋን በምን አውቃለሁ?"

"ጤነኛ ናት። የምትታመመው አንተ ያየሃት እንደሆነ ነው።"

"ሐኪም ለመሆን እኮ ነው፣ አዴ።"

"ሐኪም ዓይን የለውም? መጀመሪያ እትፍ እትፍ በል። ከዚያ ፊትህን ወደ ግድግዳ አዙር። ከዚያ እጅህን ስጠኝ።"

እንግዲህ የከብት ሕክምናን የጀመርኩት እንዲህ ነው። ፊቴ ወደ ጭቃው ግድግዳ፣ እጄ ወደ ኋላ፣ አዴ ጫልቱ የእጄን አንጓ ይዘው ይመሩኛል። "ይሄ ጀርባዋ ነው። ይሄ ጎኗ ነው። አይ፣ እሱን ተው።" መተዉን ከሳቸው ይልቅ ላሟ ፈጥና ነገረችኝ። ጭኔ ላይ የቀረው ሰማያዊ ምልክት እስከ መስቀል ድረስ ቆይቷል። ደግሜ ደጋግሜ ሄድኩ። በኋላ ላም ከሩቅ ስሰማ እንኳ አንገቴ በገዛ ፈቃዱ ወደ ግድግዳ ይዞር ጀመር። በአቃቂ መንገድ ላም ባጋጠመኝ ቁጥር ፊቴን አዙሬ ምራቄን እትፍ እያልኩ ሳልፍ ያዩ ሰዎች፣ ልጁ ጥናት በዝቶበት ነው እያሉ ለእናቴ አዘኑላት።

ትልቁ ትምህርት ግን ገና ነበር። የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ደረሰ፤ የሰፈራችን ቅርጫም ታረደ። በሰፈራችን ቅርጫ ቢላዋውን የሚይዙት ጋሽ ፋንታ ናቸው። ጋሽ ፋንታ በክር ፋብሪካ መካኒክ ናቸው፤ በዓመት በዓል ግን የበሬ መካኒክ ይሆናሉ። ማንኛውም በሬ በእጃቸው ይፈታል፤ መልሰው የገጠሙት ግን የለም።

"የከብት ሐኪም የሚሆነው ይሄ ነው?" አሉ እጅጌያቸውን እየሰበሰቡ። "ሐኪም ውስጥ ውስጡን ማወቅ አለበት። ና፣ ያዝ።"

ያዝኩ።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ሥጋ።"

"ሥጋ!" ዙሪያውን ወደቆሙት ባለድርሻዎች ዞሩ። "ስሙት ይሄን! እኔም ሥጋ ነኝ፣ አንተም ሥጋ ነህ። ይሄ ዳቢት ነው። ድገም።"

"ዳቢት።"

ሻኛ፣ ፍሪምባ፣ ጎድን፣ ሽንጥ፣ ወርች፣ ታላቅ፣ ታናሽ፣ ጭቅና። እያንዳንዱን ስሙን፣ ቦታውን፣ የሚሆንበትን አስተማሩኝ። ጥሬ የሚበላው የቱ ነው፣ ለጥብስ የቱ፣ ለወጥ የቱ፣ ለማይወዱት ዘመድ የሚላከው የቱ። ከባለድርሻዎቹ አንዱ ፈታኞቹ "ላም ስንት ጨጓራ አላት?" ብለው መጠየቃቸው አይቀርም አለ። ጥሩ ነው፣ እንቁጠረው ተባለ። ሆኖም እኛ ስንከራከር ሴቶቹ ለዱለቱ የሚሆነውን ወስደው ስለነበር፣ ቆጠራው ሲደረግ የተገኘው ሁለት ብቻ ነው። አንዱ ሁለት ነው አለ፣ ሌላው ሦስት መሆኑን ከሚስቱ ድስት አረጋግጦ መጣ። እኔ በሁለት ረጋሁ።

"የመጨረሻ ጥያቄ፣" አሉ ጋሽ ፋንታ ቢላዋውን እየጠረጉ። "በሬ ታመመ። ምን ይደረጋል?"

"መድኃኒት..."

"መድኃኒት እስኪመጣ ሞተስ? ገንዘባችን የት ይገባል? ቶሎ! ሳይሞት ቶሎ ነው።"

"ቶሎ፣" አልኩ።

የፈተናው ቀን ረቡዕ ነበር። ይህን ልብ በሉልኝ። ጋሽ ፋንታ የዓመት በዓል ኮታቸውን አውሰውኛል፤ ትከሻው ላይ ሁለት ሰው ይይዝ ነበር። እናቴ እስከ አውቶቡስ ሸኘችኝ። ምንም አልመከረችኝም። ከሰፈሩ ሁሉ ያልመከረችኝ እሷ ብቻ ናት። አውቶቡሱ ሲነሳ ዘወር ብዬ ሳይ የፋብሪካ ጋዋኗን እንደለበሰች ቆማለች፤ ፈረቃዋ አልፏት ነበር።

ትምህርት ቤቱ ኮሪደር ላይ ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ ሰው ሞልቷል። ሁሉም የእኔ ዕድሜ፣ ሁሉም የሰው ኮት የለበሰ። አጠገቤ የተቀመጠው ቀጭን ልጅ ጉልበቱ ላይ መጽሐፍ ይዞ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል።

"ላም ስንት ጨጓራ አላት?" አልኩት ለማነጋገር ያህል።

"አራት፣" አለና አራቱንም በፈረንጅኛ ስማቸው ጠራቸው።

"እኛ ያገኘነው ሁለት ነው። የቀሩት ድስት ውስጥ ናቸው።"

ቀና ብሎ አየኝና ትንሽ ራቅ ብሎ ተቀመጠ።

የመጀመሪያው ፈተና ግቢ ውስጥ ነበር። አንዲት ቀይ ላም ታስራ ቆማለች፤ ነጭ ጋዋን የለበሰ ሰው ገመዷን ይዟል። ሦስቱ ፈታኞች በረንዳው ላይ ቆመው ያያሉ፦ መነጽር ያደረጉ ሽበታም ሰብሳቢ፣ አንዲት ወጣት ሴት ሐኪም፣ እና ካኪ የለበሰ፣ አመለካከታችንን ሊመለከት የመጣ ሰው።

"ቀረብ ብለህ ዳሳት፣" አሉኝ ሰብሳቢው።

ቀረብኩ። አንገቴ ግን ከእኔ ቀድሞ ዞረ። ፊቴን ወደ በረንዳው፣ ጀርባዬን ወደ ላሟ አድርጌ፣ በጎን በጎን እየሄድኩ እትፍ እትፍ አልኩ። ገመዱን የያዘው ሰው ጋዋኑን ጠረገ። እጄን ወደ ኋላ ዘረጋሁና የነካሁትን ጮክ ብዬ መጥራት ጀመርኩ። "ይሄ ጀርባዋ ነው። ይሄ ጎኗ ነው።"

"ይሄ እኔ ነኝ፣" አለ ገመዱን የያዘው ሰው።

ወደ ክፍሉ አስገቡኝ። ረጅም ጠረጴዛ፣ ሦስት ሰው፣ አንድ ወንበር። ሰዓቱ ስምንት አልፏል። ሰብሳቢው ብዕራቸውን አነሱ።

"ስምህ ማን ነው?"

"ከአብዮቱ በፊት..." አለ አፌ።

ዝም ብዬ ልመልሰው ብሞክርም ወጥቷል። ካኪ የለበሰው ሰው ቀና አለ።

"ከአብዮቱ በፊት ሌላ ስም ነበረህ?"

"የለም። ያው ነው።"

"አሁንስ?"

"አሁንም ያው ነው።"

ሰብሳቢው አንድ ነገር ጻፉ። ምን ብለው እንደጻፉ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ረጅም ግን ነበር።

"ላሟን ስትዳስስ ለምን ፊትህን አዞርክ?" አለች ሴቷ ሐኪም።

"ዓይኔ እንዳይጎዳት ብዬ ነው።"

ካኪ የለበሰው ወደ ፊት አዘነበለ። "ጓድ፣ አንተ በቡዳ ታምናለህ?"

አዎ ብል ኋላ ቀር ነኝ፤ ኋላ ቀር ደግሞ አይማርም፣ ይዘምታል። አላምንም ብል ታዲያ ግድግዳ ግድግዳ የማየው ለምንድን ነው? ሕይወቴ በሙሉ በዚያች መልስ ላይ ተንጠለጠለች፤ የሰፈሩ ምክር ሁሉ አንድ ቃል አላቀበለኝም።

"እኔ አላምንም፣" አልኩ። "ላሟ ታምን እንደሆነ ብዬ ነው።"

ሴቷ ሐኪም ፊቷን በወረቀት ሸፈነች። ሰብሳቢው መነጽራቸውን አስተካከሉና ነገሩን ወደ ሳይንስ ለመመለስ ፈለጉ።

"እሺ። የበሬን የአካል ክፍሎች እስቲ ዘርዝርልን።"

በመጨረሻ! የማውቀው ጥያቄ! ወንበሬ ላይ ተስተካክዬ ተቀመጥኩ።

"ከላይ ስንጀምር ሻኛ አለ። ሻኛ ጮማ ነው፤ ጥሬውን በሚጥሚጣ ነው የሚበላው፤ ቢላዋው ስል መሆን አለበት። ከዚያ ዳቢት አለ። ዳቢት ከሥጋውም ከጮማውም ስላለው ጨዋ ነው። ጎድን ደግሞ ለጥብስ ነው። በሸክላ ላይ፣ ከነአጥንቱ፣ ቅቤው ጠብ ሲል፣ ቃሪያው ከላይ..."

ብዕሮቹ ቆሙ። የሰብሳቢው ጉሮሮ ወደ ላይ ወጥቶ ወደ ታች ወረደ። እኔ እየጎበዝኩ መሰለኝና ቀጠልኩ።

"ሽንጥ ለጥብስ ይሆናል..."

"ሽንጥ?" አለ ካኪ የለበሰው። "ሽንጥ ለጥብስ? ሽንጥ እኮ ጥሬውን ነው!"

"ኧረ ጓድ፣" አሉ ሰብሳቢው፣ "ሽንጥን ጥሬውን የበላ ሰው ጥብስ አያውቅም ማለት ነው። ልጁ ልክ ነው።"

"በየት አገር?"

"እኛ ጋ ቅርጫ ሲታረድ..."

"ዛሬ ረቡዕ ነው፣" አለች ሴቷ ሐኪም በቀስታ።

ሦስቱም ተያዩ። ረቡዕ ጾም ነው። ይህን በዚያ ክፍል ውስጥ ማንም አልተናገረም፤ በዚያን ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር በሥራ ቦታ አይወራም።

"ረቡዕ ቢሆንስ?" አለ ካኪ የለበሰው። "እኔ እንዲህ ያለውን አልከተልም።"

"አውቃለሁ፣" አሉ ሰብሳቢው። "ምሳ ግን አልበላህም።"

ካኪ የለበሰው በመስኮት በኩል ወደ ውጭ አየ፤ ላሟ ነበረች እዚያ። እሱም ፊቱን መለሰ።

"ይበቃል፣" አሉ ሰብሳቢው ወደ እኔ ዞረው። "አንድ የመጨረሻ ጥያቄ። በሬ ታሞ አመጡልህ። መጀመሪያ ምን ታደርጋለህ?"

"ቶሎ አርደዋለሁ።"

"ለምን?"

"ሳይሞት።"

ሰብሳቢው መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። እንደተናደዱ ሳይሆን እንደደከማቸው ሰው ነበር። "አንተ ልጅ፣ እንስሳቱ ያንተን መምጣት ቢሰሙ ምን የሚሉ ይመስልሃል?"

መውደቄን ያን ጊዜ አወቅሁ። ከማን እንደተማርኩ ረሳሁ፣ በምን እንደሚጀመር ረሳሁ። እናቴ ፈረቃዋን ትታ አውቶቡሱን ስታይ የቆመችው ብቻ ታየችኝ።

"ጌታዬ፣" አልኩ፣ "እኔ ስለ ከብት ምንም አላውቅም። ከዚህ ከወደቅሁ ግን የምሄደው ጦር ሜዳ ነው። እናቴ ሌላ ልጅ የላትም።"

ካኪ የለበሰው ጠረጴዛውን ማየት ጀመረ። ሴቷ ሐኪም ወረቀቷን አስቀመጠች። ሰብሳቢው መነጽራቸውን መልሰው አደረጉና፣ ከቅድሙ በተለየ ድምፅ ጠየቁኝ።

"በሰፈራችሁ በሬው ሲታረድ፣ ሥጋው የሚበላ መሆኑን የሚለየው ማን ነው?"

"ጋሽ ፋንታ።"

"ጋሽ ፋንታ ማናቸው?"

"ቢላዋ የሚይዙት ናቸው። የክር ፋብሪካ መካኒክ።"

"በምን ይለዩታል?"

"አሽትተው።"

ሰብሳቢው ወደ ጓደኞቻቸው ዞሩ። "ሰማችሁ? ይህን ሕዝብ ከበሽታ የሚጠብቀው የጋሽ ፋንታ አፍንጫ ነው። እኛ ደግሞ ለሥጋ ምርመራ ኮርስ የሚመዘገብ ሰው አጥተን ልንዘጋው ነው። ሁሉም ሐኪም ልሁን እያለ።"

"ይሄ ቢያንስ ሥጋውን ያውቃል፣" አለች ሴቷ ሐኪም።

"ሽንጡን አያውቅም፣" አለ ካኪ የለበሰው። ግን እጁን አወጣ፤ ተስማማ ማለት ነው።

እንዲህ ሆኜ ገባሁ። የገባሁት ለማዳን ሳይሆን ከታረደ በኋላ ለማየት ነው፤ ሆኖም ተማሪ ተማሪ ነው። ጓድ ታምራት ስሜን ከሚዘምቱት መካከል አወጣና ያለፍኩት በአመለካከቴ መሆኑን በውይይት ክበቡ አስረዳ። አዴ ጫልቱ ያለፈው ዓይኑን ስለጠበቀ ነው አሉ። ጋሽ ፋንታ ምንም ማለት አላስፈለጋቸውም፤ ኮታቸውን መልሰው ሲወስዱ በሰፈሩ መካከል ለብሰውት ሄዱ። እናቴ ለማንም ምንም አላለችም። ማታ ስትተኛ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ስታንኮራፋ ሰማኋት።

ያ አግዳሚ ወንበር ላይ አጠገቤ የነበረው ልጅ ግን አልገባም። አራቱንም ጨጓራ በስማቸው የጠራው። ቦታው ጥቂት ነበር፤ እሱም የተጠየቀውን ሁሉ በትክክል መለሰ አሉ። ሥጋ ትመረምራለህ ወይ ብሎ የጠየቀው አልነበረም፤ መልሱ ሁሉ ትክክል ስለሆነ ሌላ ነገር መጠየቅ ለማንም አልታየውም። የት እንደደረሰ አላውቅም። ስሙን አልጠየቅሁትም።

በሚቀጥለው ዓመት በዓል ለቅርጫው ስመጣ ሰፈሩ እንደ ድል አድራጊ ተቀበለኝ። ጋሽ ፋንታ "ተማሪዬ መጣ! ቦታ ስጡት!" እያሉ ወርቹን ገልጠው አሳዩኝ። አየሁት። በዚያን ጊዜ ማየት ተፈቅዶልኝ ነበርና በደንብ አየሁት። ሥጋው ውስጥ ነጫጭ እንደ ስንዴ ፍሬ የመሰለ ነገር አለ።

"ጋሽ ፋንታ፣ ይሄ ኮሶ ነው። ይሄ በሬ ጥሬው አይበላም።"

ጋሽ ፋንታ ወርቹን አንስተው አሸተቱት። "ምንም አይሸትም።"

"በማሽተት አይታወቅም።"

"እኔ ነኝ ያስተማርኩህ!"

"እርስዎ ነዎት። ግን አይበላም።"

ባለድርሻዎቹ ከበቡኝ። "ኮሶ የሌለበት ሰው አለ እንዴ?" አለ አንዱ። "መድኃኒቱ በየፋርማሲው አለ አይደል?" አለ ሌላው። ጓድ ታምራት ሳይቀር መጣ፤ ሰፈሩ እንደ አንድ ሰው ተባብሮ ከጦር ሜዳ ያስቀረኝ ለዚህ ነው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ጋሽ ፋንታ እያዩኝ አንድ ጉርሻ ቆረጡ፤ ሚጥሚጣ ውስጥ ነከሩት፤ ዋጡት። ከዚያ በኋላ የቅርጫው ቀን ለእኔ አይነገረኝም። ሲጠየቁ ዘንድሮ በሬ ተወዷል፣ አላረድንም ይሉኛል። እናቴ ድርሻዋን ከአልጋ ሥር ደብቃ፣ እኔ ስወጣ ትበላው ነበር። ልጇን ከውትድርና አድና የቅርጫ ጠላት ያደረገችው እሷ ስለሆነች፣ እውነቷን ነው።

ሥጋ እየመረመርኩ አርጅቻለሁ። ከሰፈሬ ሰዎች አንድም ሰው ማሳመን አልቻልኩም፤ እነሱ ሕይወቴን ስላተረፉልኝ የመከራከር መብት የለኝም። የእናንተ ግን ምንም ውለታ የለብኝምና በግልጽ እጠይቃችኋለሁ፦ እባካችሁ ሥጋውን አብስላችሁ ብሉ።